ይህ በፈተና አይመጣም

ባለፈው የካቲት የእህቴ ልጅ ለሴሚስተር ዕረፍት ከሚማርበት ዩኒቨርሲቲ መጥቶ እኔ ዘንድ ባደረበት ምሽት መብራት ጠፋ። ቅዝቃዜው ደረቅ ነበር፤ የአዲስ አበባ የበጋ ብርድ። ልጁ ሊተኛ ሲል ሹራቡን በአናቱ ላይ ሲያወልቅ ጨለማው ውስጥ ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ተሰማ። በፀጉሩና በሹራቡ መካከልም ትናንሽ ሰማያዊ ብልጭታዎች ዘለሉ። ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ልጅ ሳለን ብርድ ልብሱን በጨለማ እያፋተግን ስንት ጊዜ ተጫውተንበታል!

«ይሄ ነው እንዴ የምትማሩት?» አልኩት። የምህንድስና ተማሪ ነው። በዚያ ሴሚስተር ትምህርቱ ስለ ኤሌክትሪክ መሆኑን ራት ላይ ሲነግረኝ ነበር ያመሸው።

«አይ ጋሼ» አለኝ፤ «የእኛ የቀለበት ነው።»

ይህን ያለው ሊያስቀኝ አይደለም። ሻማ አብርቼ ከቦርሳው የተመለሰለትን የፈተና ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ። ጥያቄው እውነትም ስለ ቀለበት ነው፦ በዙሪያው ሁሉ እኩል ቻርጅ የተሞላ ቀጭን ቀለበት አለ፤ በመሐሉ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር ላይ፣ ከቀለበቱ ይህን ያህል ርቀን ብንቆም የኤሌክትሪኩ መስክ ስንት ነው? ልጁ አንድ ገጽ ተኩል ጽፎ ከ10፣ 10 አግኝቷል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰፈረው ምልክት ትልቅና ደስተኛ ነው። የእህቴ ልጅ ጎበዝ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምለው በእርሱ ላይ የተነገረ ሐሜት እንዳይመስል ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ለእኔ ያስረዱኝ ልጁ ራሱና አንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ናቸው፤ ስለዚህ ከባለሙያ ሳይሆን ከሰሚ እንደምትሰሙ ቁጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1785 ሻርል ኩሎም የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በቀጭን ክር ላይ የሚጠማዘዝ ሚዛን ሠርቶ፣ ቻርጅ የተሞሉ ሁለት ትናንሽ ኳሶች ምን ያህል እንደሚገፋፉ ለካ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ። ሕጉ ይኸው ነው። መስክ የሚባለው ደግሞ የአንድ ጥያቄ መልስ ነው፦ «እዚህች ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ቻርጅ ባስቀምጥ ኖሮ ምን ያህል፣ ወደየትስ ትገፋ ነበር?» የምትቀመጠው ቻርጅ ሳትኖርም መልሱ በቦታው አለ። አየሩ ውስጥ፣ ባዶው ውስጥ፣ በያንዳንዷ ነጥብ ላይ አንድ ቀስት እንደተሳለ አድርጉና አስቡት።

የኩሎም ሕግ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው። ቀለበት፣ ዘንግ፣ ሳህን፣ ኳስ የሚባል አያውቅም። ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹን የሚያስተምራቸው ቀለበቱን መቆራረጥ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ በጣም ትንሽ ከመሆኗ የተነሣ እንደ ነጥብ ትቆጠራለች። የእያንዳንዷ ግፊት ይሰላል፤ ከዚያ ሁሉም ይደመራል። ድምሩን ካልኩለስ ይሠራዋል። ነገር ግን ከመደመሩ በፊት አንድ የሚያምር ነገር አለ። እያንዳንዷ ቁራጭ የምትገፋው ሰያፍ ነው፤ ግማሽ ጉልበቷ ወደፊት፣ ግማሹ ወደ ጎን። ታዲያ ለያንዳንዷ ቁራጭ በቀለበቱ ማዶ ትክክለኛ ተቃራኒዋ አለች፤ ወደ ጎን የሚገፋውን ተቃራኒዋ ወደዚህ በመግፋት ታጠፋዋለች። የሚቀረው ወደፊት ያለው ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጋሪ ግራና ቀኝ ሆነው በሰያፍ ሲገፉ ጋሪው ቀጥ ብሎ እንደሚሄደው ማለት ነው። በዚህ ምክንያት በቀለበቱ እምብርት ላይ፣ ወደፊት የሚባል ነገር በሌለበት፣ ሁሉም ተጣፍቶ መስኩ ዜሮ ይሆናል።

ልጁ ይህን ሁሉ ጽፎታል። «በሲሜትሪ ምክንያት ይህ ክፍል ዜሮ ነው» የሚል አንድ መስመር አለ፤ ከሥሩ ኢንቴግራሉ ይቀጥላል።

እኔ ሒሳቡን ተከትዬ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም። የመጣልኝ የመሃይም ጥያቄ ነው። «ከቀለበቱ ላይ ትንሽ ብትቆረጥስ? እዚህች ጋ ጥርስ ብትወልቅ፣ መሐሉ ላይ ምን ይሆናል?»

ልጁ ወረቀት ሳበ። ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ሻማው ጣት ያህል እስኪቀር ድረስ ሁለት ገጽ ሞላ፤ ኢንቴግራሉን ከዚህ ማዕዘን እስከዚያ ማዕዘን አደረገ፣ ሳይንና ኮሳይን ደረደረ፣ በመጨረሻም አንድ አጭር መልስ አውጥቶ ከበበው። ኋላ ለመምህሩ ወዳጄ ባሳየው መልሱ ትክክል ነው አለኝ። እኔ ግን ያን ምሽት፣ «እና ቀስቱ ወደየት ነው የሚያመለክተው? ወደ ተቆረጠው ወይስ ከተቆረጠው ወዲያ?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ወረቀቱን አየ፤ ምልክቱን መደመር ይሁን መቀነስ ፈለገ። ከዚያም ደከም ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ይህ በፈተና አይመጣም» አለኝና ተኛ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ናት ያላስተኛችኝ።

ጥያቄው ሒሳብ አይፈልግም ነበር። ሙሉው ቀለበት መሐሉ ላይ ዜሮ የሚሆነው እያንዳንዷ ቁራጭ በተቃራኒዋ ስለምትጠፋ ነው ካልን፣ አንዷ ስትቆረጥ ተቃራኒዋ ማን ይመልሳታል? ማንም። ብቻዋን ትቀራለች፤ ብቻዋን ትገፋለች፤ የምትገፋውም ከራሷ ወዲያ፣ ማለትም ወደ ክፍቱ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ለማለት የሚያስፈልገው «በሲሜትሪ ምክንያት ዜሮ ነው» ብሎ በገዛ እጁ የጻፈውን መስመር ማመን ብቻ ነው። ልጁ ግን መስመሩን ጻፋት እንጂ አላመናትም። የጻፋት ያቺ መስመር እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ነጥብ እንዳላት ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ይህ ልጅ ዋሽቷል?

ጥያቄውን ከልቤ ነው የምጠይቀው። ውሸት ማለት ሐሰት መሆኑን እያወቁ ሐሰቱን መናገር ከሆነ ልጁ አልዋሸም፤ የጻፈው ሁሉ እውነት ነው። የሌላ ሰው ወረቀት አላየም፤ በእጅጌው ውስጥ ያስገባው ቁራጭ የለም። ሌሊት ተቀምጦ፣ ዎርክሺቱን ደጋግሞ ሠርቶ፣ የደከመበትን ነው የጻፈው። ሆኖም 10 የምትለዋ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ብቻ አትቀርም። ወደ መዝገብ ትገባለች፣ ወደ ዲግሪ ትገባለች፣ ወደ መሥሪያ ቤት ትሄዳለች፤ በየደረሰችበትም «ይህ ሰው ያውቃል» እያለች ትመሰክራለች። ምስክርነቱ ላይ የፈረመው ደግሞ ልጁ ሳይሆን መምህሩ ነው። እንግዲህ እውነት ብቻ ከተጻፈበት ወረቀት የሐሰት ምስክርነት ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ማን አጠፋ ሲባል ግን አንዱም በእጁ ላይ ደም የለበትም።

አንዳንዱ ወዲያው «ሽምደዳ ነው ያጠፋን» ይላል። እኔ በሽምደዳ ላይ ይህን ያህል ቂም የለኝም። በአገራችን አንድ ልጅ ዳዊት ሲደግም ግዕዙን አይሰማም፤ ማንም ግን ዋሽቷል አይለውም። ለምን ቢባል፣ ዳዊት መድገሙ ትርጓሜ ያውቃል የሚል ምስክርነት አይሰጠውምና ነው። የቤተ ክህነቱ ትምህርት ሁለቱን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው፤ ንባብ ቤት አለ፣ ዜማ ቤት አለ፣ ቅኔ ቤት አለ፣ መጻሕፍት ቤት አለ። ንባብ ቤት የጨረሰ «አነበበ» ይባላል እንጂ «ተረጎመ» አይባልም። ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ ጨዋታው ይለወጣል። ተማሪው ከየኔታ ፊት የሚቀርበው ትናንት የሰማውን ጉባኤ ቃና ይዞ አይደለም፤ ራሱ ቆጥሮ ያመጣውን አዲስ ቅኔ ይዞ ነው። ግሱን በቃሉ ማጥናት አለበት፣ ስልቱንም እንዲሁ፤ ቃል የሌለው ምን ብሎ ይቀኛል? ነገር ግን ያጠናውን መልሶ ቢደግም የኔታ ቅኔ ነው ብለው አይቀበሉትም። ሰሙን አምጥቶ ወርቁ የት እንዳለ ቢጠፋውም ነገሩ ያው ነው።

(ይህን ስጽፍ የቅኔ ቤቱን እንደ ገነት ለመሳል አይደለም። የልመናውን አኩፋዳ፣ የውሻውን ንክሻና የረኃቡን ዓመታት የሚያውቁ ሰዎች ያርሙኛል። የምለው ስለ አንዷ ነገር ብቻ ነው፤ በቃል መያዝና መረዳት በአንድ ስም አልተጠሩም።)

ነገሩን የድህነታችን ጣጣ አድርገን እንዳንወስደው ሁለት ታሪክ ላንሣ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1951 እና በ1952 በሪዮ ዴ ጄኔሮ አስተምሮ ነበር። ያጋጠመውንም እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ትዝታው ውስጥ አስፍሮታል። ተማሪዎቹ ብርሃን ከአንድ ነገር ላይ ሲነጥር የሚሆነውን በቃላቸው አንበልብለው ይነግሩታል። ታዲያ በመስኮቱ በኩል የባሕሩን ውኃ በልዩ መስተዋት ተመልከቱ ሲላቸው፣ ያ ሕግ ከዚያ ውኃ ጋር የሚገናኝ ነገር እንዳለው አንዳቸውም አላሰቡም። በዓመቱ መጨረሻ ለመምህራንና ለተማሪዎች ንግግር ሲያደርግ በአገራችሁ ሳይንስ እየተሰጠ አይደለም ብሎ በግልጽ ነገራቸው። የፋይንማን ውኃና የእህቴ ልጅ ሹራብ አንድ ናቸው። በዚያ ምሽት በሹራቡና በፀጉሩ መካከል የዘለለው ብልጭታ አየሩ መስኩን መሸከም ሲያቅተው የሚፈጠር ነው፤ ለዚህም በሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ያህል ያስፈልጋል። ልጁ ያንን ያህል መስክ በአናቱ ተሸክሞ ቆሞ ነው «የእኛ የቀለበት ነው» ያለኝ።

ሁለተኛው ታሪክ ከሀብታሙ ቤት ነው። ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሃርቫርድ ያስተማረ ፕሮፌሰር ነው። ተማሪዎቹ ከፍተኛ ግምገማ ይሰጡታል፤ ከባድ ስሌት ሲሰጣቸው ይሠራሉ፤ እርሱም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብሎ ያምን ነበር። በአሪዞና ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስቴንስ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ጥናት አውጥተው ነበር፤ ስሌት የሌለባቸው፣ በተራ ቋንቋ የተጻፉ ጥያቄዎች ሲቀርቡላቸው ፊዚክስ የተማሩ ተማሪዎች ከመማራቸው በፊት እንደነበሩት ያስባሉ የሚል። ማዙር ይህን ያነበበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የእኔ ተማሪዎች ግን እንዲህ አይደሉም ብሎ ያንኑ ፈተና ሰጣቸው። በዚያ መሐል አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ የምመልሰው እርስዎ ባስተማሩን ነው ወይስ እኔ በማስበው? የሚል ፍቺ ያለው ጥያቄ ጠየቀችው። ሰውዬው ይህን ታሪክ ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ ሲያወራው ኖሯል፤ ብሆን እኔም አወራዋለሁ። ልጅቷ ሁለት መዝገብ እንዳላት፣ አንዱ የትምህርት ቤት ሌላው የሕይወት እንደሆነ፣ ያለ ሐፍረት ነገረችው። ማዙር ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ለወጠ። ጥያቄ ያቀርባል፤ ተማሪው መልሱን ይመርጣል፤ ከዚያም አጠገቡ የተቀመጠውን ጓደኛውን ለማሳመን ይሟገታል፤ ደግመው ይመርጣሉ። ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ወደ መምህሩ ወዳጄ ሄድኩ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተምሯል። ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥንና የቀለበቱን ወሬ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

«ስማኝ» አለኝ፤ «አንተ የምትለውን ጥያቄ ፈተና ላይ ባወጣው አብዛኛው ይወድቃል። ሲወድቅ ተማሪው አይጠየቅም፤ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ደግሞስ እንዲገባቸው አድርጌ ላስተምር ብል በሴሚስተሩ ሁለት ምዕራፍ እጨርሳለሁ። የቀረውን ያላስተማርኩት ልጅ የሚቀጥለው ኮርስ ላይ ምን ይሁን? ስለዚህ ዎርክሺት እሰጣለሁ። ከዎርክሺቱ ቁጥሩን ቀይሬ አወጣለሁ። እነርሱም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ።»

ትንሽ ቆየና ደግሞ ያልጠበቅሁትን ጨመረ። «እውነቱን ልንገርህ፤ ቀለበቱ ለእኔም የገባኝ ተማሪ ሆኜ አይደለም። ሦስት ዓመት ካስተማርኩት በኋላ አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ነው ድንገት የታየኝ። ስሌቱን ሳልይዝ ብቀር ኖሮ የሚታየኝም ነገር አይኖርም ነበር።»

ይህ የመጨረሻው ክርክሩ ሐሳቤን አናውጦብኛል። እኔ እስከዚያ ድረስ ስሌቱን ቅርፊት፣ መረዳቱን ፍሬ አድርጌ ነበር የማስበው። የመስኩ ታሪክ ራሱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

መስክ የሚለውን ሐሳብ ወደ ዓለም ያመጣው ማይክል ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1791 ተወለደ፤ በ14 ዓመቱ ለመጽሐፍ ጠራዥ ተሰጠ፤ ትምህርቱን ያገኘው ሊጠርዛቸው የመጡለትን መጻሕፍት እያነበበ ነው። ሒሳብ አልተማረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሌላው ሊቅ ዓይን ባዶ ቦታ ብቻ የሚያይበት ላይ እርሱ መስመሮች ተዘርግተው ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1836 ጎኑ 12 ጫማ የሆነ ሣጥን መሰል ክፍል አሠርቶ፣ በብረት ነገር ለብጦ፣ ውጪው በኤሌክትሪክ እየተንጣጣ ብልጭታ ሲተፋ እርሱ መሣሪያዎቹን ይዞ ውስጡ ገብቶ ተቀመጠ። ውስጡ ምንም አልነበረም። ዛሬ ተማሪው «በተዘጋ የብረት ቅርፊት ውስጥ መስኩ ዜሮ ነው» ብሎ በአንድ መስመር የሚጽፈውን ፋራዴይ ነፍሱን አስይዞ ነው ያየው።

ይሁንና ፋራዴይ ብቻውን ቢሆን ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ወጣቱ ስኮትላንዳዊ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የፋራዴይን መስመሮች ወደ ሒሳብ መለሳቸው። የመጀመሪያ ጽሑፉን ለሽማግሌው ላከለት። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1857 በጻፈው መልስ፣ ያን ያህል የሒሳብ ጉልበት በጉዳዩ ላይ ሲያርፍ በመጀመሪያ ፈርቶ እንደነበር፣ ጉዳዩ ጉልበቱን መቻሉን ሲያይ ደግሞ መገረሙን ገለጸለት። በዚያው ዓመት በሌላ ደብዳቤ ደግሞ ለእኔ የዘመናት ጥያቄ የሚመስለኝን ጠየቀው፦ የሒሳብ ሰዎች የደረሱበትን ነገር በዚያ ምስጢራዊ ፊደላቸው ብቻ ከመተው፣ እኛም እንድንሠራበት በተራው ሰው ቋንቋ ሊገልጹልን አይችሉምን? አንባቢ ልብ ይበል፤ ይህን የሚለምነው የሐሳቡ አባት ነው። የራሱ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ሲናገር ሰምቶ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ሰው።

ማክስዌል ስሌቱን ይዞ ሄደ፤ ስሌቱም ማንም ዓይቶት ወደማያውቀው አገር ወሰደው። ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው አለ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ሄንሪክ ኸርትዝ እነዚያን ሞገዶች በቤተ ሙከራው አመነጫቸው፤ ከዚያ ሬዲዮ መጣ። እንግዲህ ስሌት መረዳት ያልደረሰበት ቦታ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ተማሪዎቹ የሚማሩት ሌላ ምሳሌ አለ፦ ማለቂያ የሌለው፣ እኩል ቻርጅ የተሞላ ጠፍጣፋ ግድግዳ። ስሌቱ የሚለው ከግድግዳው አንድ ክንድ ብትርቅም አንድ ኪሎ ሜትር ብትርቅም መስኩ እኩል ነው፤ አይደክምም። ይህን በስሜቱ አስቀድሞ የሚገምት ሰው አላጋጠመኝም። ስሌቱ ተናገረ፤ መረዳት ከኋላ እያለከለከ ደረሰበት፤ ስትርቅ እያንዳንዱ ቁራጭ ይደክማል፣ ነገር ግን ዓይንህ የሚያየው ግድግዳ በዚያው ልክ ይሰፋል።

(ማለቂያ የሌለው ግድግዳ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ፊዚክስ በእንዲህ ያለ ተረት የተሞላ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሽቦ፣ ስፋት የሌለው ነጥብ። እኔን ግን ይህ አያስከፋኝም። መምህሩ ተረት መሆኑን ፊት ለፊት ተናግሮ ነውና የሚጀምረው፤ «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» የተባለበት ነገር ውሸት አይደለም።)

ከዚህም የባሰ አለ። የስበትን ሕግ የሰጠን ኒውተን፣ ፀሐይ ያን በሚያህል ባዶ ውስጥ አሻግራ ምድርን እንዴት እንደምትስብ አልገባውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1693 ለሪቻርድ ቤንትሊ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቁስ አካል ያለ አንዳች አማላጅ በባዶ ቦታ ላይ ተሻግሮ ሌላውን ይነካል ማለት ማሰብ የሚችል ሰው የማይወድቅበት ሞኝነት መሆኑን ጽፏል። ያም ሆኖ በሕጉ አሰላበት፤ ፕላኔቶቹም ታዘዙለት። «ሳይገባው መልስ ያገኘ ሰው» የሚለው ክስ የእህቴን ልጅ የሚነካ ከሆነ ኒውተንንም ይነካል።

እንግዲያውስ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የት ላይ ነው? ብዙ ቀን አሰብኩበት። የደረስኩበት ይህ ነው፤ ኒውተን የት ድረስ እንደገባውና ከየት ጀምሮ እንዳልገባው ያውቅ ነበር፤ ተናገረውም። ያላወቀውን በአደባባይ ለማስቀመጥ ቦታ ነበረው። የእህቴ ልጅ የፈተና ወረቀት ላይ ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለም። «እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል፤ ከዚህ በኋላ እርምጃውን ተከትዬ ነው» ብሎ የሚጽፍበት መስመር የለም። ቢጽፍ ምን ያገኛል? ነጥብ ይቀነስበታል፤ እውነቱን በመናገሩ ይቀጣል። አራት ዓመት እንዲህ የተማረ ሰው ደግሞ በመጨረሻ ድንበሩን ለሌላው መደበቅ ብቻ አይደለም፤ ለራሱም ይጠፋበታል። ገብቶኛልና አልገባኝም የሚሉት ሁለት ስሜቶች አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ። እኔን ያስፈራኝ የልጁ አለማወቅ አልነበረም። ቀስቱ ወደየት ነው ስለው፣ አለማወቁን ያወቀው ያኔ ገና መሆኑ ነው።

ይህ ለምን ያሳስበናል የሚል ይኖራል። ልጁ ነገ መሐንዲስ ይሆናል። አንድ ሕንፃ ላይ የመብረቅ መከላከያ ይተክላል፤ ወይም የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር አጠገብ ሠራተኞች የሚቆሙበትን ርቀት ይወስናል። ስሌት የራሱ ክፋት አለው፤ የማይሠራበት ቦታ ሲደርስ አይጮኽም። ለማለቂያ የለሽ ግድግዳ የወጣውን ቀመር ጠርዝ ላይ ብታስቀምጠው እንደ ወትሮው ቁጥር ይሰጥሃል፤ ቁጥሩም እንደ ወትሮው ያማረ ነው። «እዚህ ጋ ቁም» የሚለው የሰውየው መረዳት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል እህቴን አውቃታለሁ። ልጁን ለማስተማር ከጎረቤት የተበደረችውን ገንዘብ አውቃለሁ። የትኛው የምህንድስና ክፍል እንደሚመደብ የሚወስነው ነጥቡ ነው። ለዚህ ልጅ «ነጥቡን ተወውና እውነትን ፈልግ» ብሎ መምከር ለእኔ ለአጎቱ ቀላል ነው፤ ዕዳው የእኔ አይደለምና። እንዲህ ያለ ምክር በሰው ኪስ የሚደረግ ጽድቅ ይመስለኛል። ስለዚህ አልመከርኩትም። በእኔ አስተያየት ሸክሙ የሚያርፈው በፈራሚው ላይ ነው፤ ፈተናውን በሚያወጣውና የሚጠየቀውን በሚያስጠይቀው ላይ። ወዳጄ መምህሩ ይህን ስለው አልተቆጣም። «አንድ ጥያቄ» አለ፤ «በየፈተናው አንድ ጥያቄ፣ ሁለት ነጥብ ብቻ፣ ስሌት የሌለበት። እሱን ላወጣ እችላለሁ።» ያውጣ አያውጣ ገና አልጠየቅሁትም።

ልጁ ወደ ትምህርቱ የተመለሰ ዕለት ማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ስለ ቀለበቱ ከዚያ ምሽት ወዲህ አላነሣንም ነበር። ሻንጣውን ጣራ ላይ አስጭኖ ወርዶ ከረዳቱ ጋር ስለ ዕቃ ዋጋ ሲከራከር ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ቀስቱ ወደ ተቆረጠው ነው።»

«በምን አወቅህ?»

«ማዶ ያለችው የሚመልሳት አጣች።» ፈገግ አለ። ቀጥሎ ግንባሩን ቋጠረ። «ግን አንድ ነገር አለ። ዜሮ የሚሆነው ትክክል መሐሉ ላይ ስንሆን ነው። ከመሐሉ ትንሽ ፈቀቅ ብንልስ? እዚያው ቀለበቱ ውስጥ ሆነን፣ ወደ ጎን? በኳሱ ቅርፊት የትም ቢሆን ዜሮ ነው ተብለናል። የቀለበቱን ግን ማንም አላሠራንም።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እንጃ» አለ። «አላውቅም።»

ረዳቱ በሩን እየደበደበ «እንግባ! እንግባ!» አለ። ልጁ ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በጣቱ ጭጋግ በያዘው መስተዋት ላይ ክብ ሠርቶ አንድ ነጥብ ከመሐሉ ትንሽ ራቅ አድርጎ አስቀመጠባት፤ እጁን ለስንብት ማንሣቱን ረስቶ እያያት ሄደ።